«ዋሽቷል» ያለ ሰው ለምን ከአዳራሽ ይወጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለንደን ነው። ሰሞኑን ከልጄ ጋር አንድ የቆየ ቪዲዮ አየን። አንዲት የፓርላማ አባል ‹ቦሪስ ጆንሰን ምክር ቤቱን ደጋግመው ዋሽተዋል› በማለታቸው ከአዳራሹ እንዲወጡ ታዘዙ። ልጄ ‹ዋሸ የተባለው ምንም ሳይባል የተናገረችው ለምን ወጣች?› ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። ይህ ደንብ ውሸታምን መጠበቅ አይሆንም? አፈ ጉባኤውስ ማን እንደዋሸ ለምን አያጣራም?»

መልስ፦

ልጅዎ የጠየቀችው ትልቅ ጥያቄ ነው። የምክር ቤት ሥነ ሥርዓት ሙያዬ ነው፤ ውሎዬ ደንብ ማንበብና ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ ነው። ሥራውን ስጀምር እኔንም ያናደደኝ ይኸው ደንብ ነበር። ዛሬ አልናደድበትም፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልታረቅነውም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳዎት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ቀኑ ጁላይ 22፣ 2021 ነው። ተናጋሪዋ የሌበር ፓርቲ አባል ዶን በትለር ናቸው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆንሰን በምክር ቤቱ የተናገሯቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያነሱ «ይህ እውነት አይደለም» አሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም አላቋረጣቸውም። በመጨረሻ ግን «ዋሽተዋል» አሉ። በአፈ ጉባኤው ወንበር ተቀምጠው ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት ጁዲት ከሚንስ ንግግራቸውን አጢነው እንዲያርሙ ጠየቋቸው። በትለር እምቢ አሉ። እንዲያውም እዚህ ቤት የሚያስቀጣው መዋሸቱ ሳይሆን ውሸቱን ማጋለጡ መሆኑ ይገርማል የሚል ሐሳብ ጨመሩበት። ልጅዎ ያለችው ማለት ነው። ከዚያ ለቀኑ ቀሪ ጊዜ ከአዳራሹ እንዲወጡ ታዘዙ፤ ወጡ።

ደንቡ እንዲህ ነው። አንድ አባል በተራ ክርክር መካከል ሌላውን አባል «ሆን ብሎ ዋሽቷል» ብሎ መክሰስ አይችልም። «በተራ ክርክር መካከል» የምትለዋን ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የነገሩ ሥር ወደ 1689 ይወስደናል። በዚያ ዓመት የወጣው የእንግሊዝ የመብቶች ድንጋጌ በፓርላማ ውስጥ የተደረገ ንግግርና ክርክር በፍርድ ቤትም ሆነ ከፓርላማ ውጭ በሌላ ቦታ አይጠየቅበትም ይላል። ዛሬም ይሠራል። እኔና እርስዎ መንገድ ላይ ቆመን አንዱን «ሌባ» ብንለው በስም ማጥፋት ሊከሰን ይችላል። የፓርላማ አባል አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ቢለው ግን ማንም ፍርድ ቤት አይነካውም። የኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 አባላት በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰሱም ይላል፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

ይህ መብት በነፃ አልተገኘም። ሰር ጆን ኤልየት የሚባሉ የፓርላማ አባል ንጉሡን በመቃወማቸው በ1629 ታሰሩ። በ1632 እዚያው የለንደን ግንብ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። እንግዲህ የመናገር ነፃነቱ ይህን ያህል ውድ ነው። ግን ሌላ ጣጣ አለው። ፍርድ ቤት የማይነካው አንደበት ማን ይገራዋል? የተሰደበው ሰው የትም ሄዶ መክሰስ አይችልም። ስለዚህ ቤቱ ራሱ መዳኘት አለበት። የንግግር ደንቡ ያለመከሰስ መብቱ ሌላው ፊት ነው። አንዱን ትተው ሌላውን መያዝ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የሚስተው ነው። «ውሸታም» የሚለው ቃል የተከለከለው ስድብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ተራ ስድብም ይከለከላል፤ ባለፉት ዓመታት ፈሪ፣ ከሃዲ፣ አይጥ፣ አሳማ የሚሉት ሁሉ ተነቅፈዋል። በ2016 ዴኒስ ስኪነር የተባሉ አንጋፋ አባል የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንን «አጭበርባሪው ዴቭ» ብለው፣ ቃሌን አላነሣም በማለታቸው ወጥተዋል። «ውሸታም» ግን ከነዚህ ይለያል። ክስ ነው። በዚያ ቤት አንድ አባል ሊፈጽመው ከሚችለው ሁሉ ከባዱን ጥፋት ፈጽሟል የሚል ክስ።

ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለልጅዎ የጆን ፕሮፊሞን ታሪክ ይንገሯት። ፕሮፊሞ የጦር ሚኒስትር ነበሩ። ከአንዲት ወጣት ጋር ስለነበራቸው ግንኙነት ወሬ ተነሣ። ማርች 22፣ 1963 ምክር ቤቱ ፊት ቆመው የግል መግለጫ ሰጡ። የግል መግለጫ ሲሰጥ ማንም አያቋርጥም፣ ጥያቄም አይጠየቅም፤ ቤቱ በጸጥታ ያዳምጣል፣ ያምናልም። ፕሮፊሞ ምንም ተገቢ ያልሆነ ነገር የለም አሉ። ጁን 5 ላይ ግን ምክር ቤቱን እንዳሳሳቱ አምነው ከሥልጣንም ከፓርላማም ለቀቁ። ወሬው ጎድቷቸው ነበር፤ የጨረሳቸው ግን ቤቱን መዋሸታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፖለቲካ አልተመለሱም፤ ቀሪ ዘመናቸውን በምሥራቅ ለንደን በበጎ አድራጎት ሥራ አሳለፉ።

ስለዚህ አንድ አባል ተነሥቶ «ዋሽቷል» ሲል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሰውየውን የፖለቲካ ሕይወት መቅበር ፈልጓል ማለት ነው። ማስረጃ ሳይቀርብ። ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ። አንዳንዴ ተከሳሹ አዳራሹ ውስጥ እንኳ ሳይኖር። ደንቡ የሚለው «ይህን ያህል ክስ ካለህ ክስ አድርገህ አምጣው» ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ለእኛ ለሐበሾች እንግዳ አይደለም። ሽምግልና ተቀምጠው ያውቁ ይሆናል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ አንዱ ዞር ብሎ «አንተ እኮ!» ማለት ሲጀምር ሽማግሌው ምን ይላል? «ወደ እኛ ተናገር። ለእኛ ንገረን።» ያቺ ትንሽ ትእዛዝ ጸብን ወደ ነገር ትቀይራለች። የለንደኑም ቤት ሥርዓት ይኸው ነው። አባላት የሚናገሩት ለአፈ ጉባኤው ነው። እርስ በርስ «አንተ» አይባባሉም። አዳራሹ ውስጥ «አንተ» የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አፈ ጉባኤው። አንድ ሰው ተሳስቶ «አንተ ይህን ያህል ሥራ አጥ ፈጠርክ» ካለ፣ የፈጠረው አፈ ጉባኤው ሆነ ማለት ነው። አፈ ጉባኤዎቹም «እኔ አላደረግሁም» ብለው ያርማሉ።

ስምም አይጠራም። «የተከበሩ የእገሌ ወረዳ ተወካይ» ይባላል። የራስ ፓርቲ ሰው ከሆነ «የተከበሩ ወዳጄ»። አባልን በስሙ መጥራት የሚችለው አፈ ጉባኤው ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት ከመውጣት የባሰው ቅጣት «ስም መጥራት» ነው የሚባለው። አፈ ጉባኤው ያመፀውን አባል በስሙ ይጠራዋል፤ ወዲያው እንዲታገድ የውሳኔ ሐሳብ ይቀርባል፤ ክርክር ሳይደረግ ድምፅ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 የስብሰባ ቀን፣ በዚያው የሥራ ዘመን ለሁለተኛ ጊዜ 20 ቀን ይታገዳል። በ2009 ጆን ማክዶኔል ስለ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሦስተኛ መንደርደሪያ ተቆጥተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቤቱን በትር አነሡ። ስማቸው ተጠራ፤ 5 ቀን ታገዱ። በትሩ የሥልጣን ምልክት ነው፤ በቦታው ከሌለ ቤቱ ሥራውን አይሠራም። ገጠር ያደገ ሰው ይህን የስም ነገር ቶሎ ይረዳዋል። ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም፤ የራሷን መጠሪያ ታወጣላቸዋለች። ስም መጥራት ክብርን መግፈፍ መሆኑን ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የአዳራሹን ቅርጽ ይመልከቱ። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተፋጠው ነው የሚቀመጡት። አባላቱ 650 ናቸው፤ መቀመጫው ግን ወደ 427 ገደማ ነው። የቀሩት ይቆማሉ፣ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። በ1941 የጀርመን ቦምብ አዳራሹን ሲያፈርሰው ሰፊና ክብ አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ግን እንደ ቀድሞው ጠባብና ፊት ለፊት ይሁን ብለው ተከራከሩ፤ እንደዚያው ተሠራ። ምንጣፉ ላይ በሁለቱ ወገን ቀይ መስመር አለ። ርቀቱ የሁለት ሰይፍ ርዝመት ነው ተብሎ ይነገራል። የሚናገር አባል መስመሩን አያልፍም። እንዲህ ተጠጋግተው ለሚከራከሩ ሰዎች አንድ መጥፎ ቃል እሳት ነው።

ደንቡ ርኅራኄም አለው። እኛ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንላለን። እዚያ ግን ከአፍ የወጣ ይመለሳል። «ቃሌን አንሥቻለሁ» ካሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ማንም ቂም አይዝም። ስኪነርም በትለርም ይህ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ቃሌን አላነሣም ያሉት አስበውበት ነው፤ መውጣቱን መርጠዋል ማለት ይቻላል። እኔ ይህን ድፍረት አከብራለሁ። አንዳንዴ ሰው ደንቡን የሚጥሰው ዋጋውን አውቆ ከፍሎ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ የኢያን ብላክፈርድ ታሪክ ነው። ጃንዋሪ 31፣ 2022። ብላክፈርድ በፓርላማው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ መሪ ነበሩ። ጆንሰን ምክር ቤቱን አሳስተዋል አሉ። አፈ ጉባኤው ሰር ሊንዚ ሆይል ለመኗቸው ማለት ይቻላል። «ባለማወቅ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩበትና እንለፍ ዓይነት ነገር። «ባለማወቅ አሳስተዋል» ቢሉ በደንቡ ያልፋል፤ ስህተት ማንም ይሠራልና። ብላክፈርድ አልጨምርም አሉ። ሆይል የማስወጫውን ትእዛዝ ማንበብ ሲጀምሩ ሰውየው ራሳቸው ተነሥተው ወጡ። አንዲት ቃል! ግን በዚያች ቃል ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ያለ እሷ ክስ ነው፤ ከእሷ ጋር እርማት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። አፈ ጉባኤው ለምን አያጣራም? ሥልጣኑ ስላልሆነ ነው። አፈ ጉባኤው ሥርዓት ያስከብራል እንጂ እውነቱን አይፈርድም። ተናጋሪው ለሚናገረው ነገር ትክክለኛነት ራሱ ነው ኃላፊው። አፈ ጉባኤው በየንግግሩ «ይህ እውነት፣ ያ ውሸት» ማለት ቢጀምር በሳምንቱ የአንዱ ወገን ሰው ይባላል። ያን ቀን ወንበሩ ያበቃለታል።

እዚህ ላይ የኛ ቋንቋ ሥራውን ከእንግሊዝኛው ይልቅ አጥርቶ ይናገራል። አፈ ጉባኤ፤ የጉባኤ አፍ። በድሮው ሥርዓታችን ደግሞ አፈ ንጉሥ ነበር፤ የንጉሥ አፍ። የለንደኑ ወንበር ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ጉዞ ነው። በ1629 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ስብሰባው ይበተን ብለው አዘዙ። አፈ ጉባኤው ጆን ፊንች ትእዛዙን ለመፈጸም ሲነሡ አባላቱ ወንበራቸው ላይ ጨምድደው ይዘው አስቀመጧቸው፤ ከተነሡ ስብሰባው ያበቃላ። ፊንች በዚያች ሰዓት አፈ ንጉሥ ነበሩ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ያነሣኋቸው ኤልየት የታሰሩት በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

በ1642 ያው ንጉሥ ወታደር አስከትለው አዳራሹ ድረስ መጡ። አምስት አባላትን ሊያስሩ ነው። ሰዎቹ ቀድመው ሸሽተዋል። ንጉሡ አፈ ጉባኤውን ዊልያም ሌንታልን «የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። ሌንታል ተንበረከከ። ከዚያም በዚህ ቦታ ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር የማይበት ዓይን፣ የምናገርበትም አንደበት የለኝም አለ። ተንበርክኮ እምቢ ማለት! በ13 ዓመት ውስጥ ወንበሩ ከንጉሥ አፍነት ወደ ጉባኤ አፍነት ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ንጉሥ በስብሰባ ላይ ባለ የሕዝብ ተወካዮች አዳራሽ ገብቶ አያውቅም። እንግዲህ ይህን የሚያህል ወንበር በየዕለቱ የማንን ቃል እውነት፣ የማንን ውሸት ሲል እንዲውል አልፈልግም።

ታዲያ ውሸት ሳይቀጣ ይቀራል? «በተራ ክርክር መካከል» ያልኳት እዚህ ትመጣለች። አባልን በመዋሸት መክሰስ ይቻላል፤ ግን ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ ሆኖ መቅረብ አለበት። ያኔ ቤቱ ሁሉ ስለዚያ ጉዳይ ብቻ ይነጋገራል፣ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ደግሞ በራሳቸው በጆንሰን ላይ ሆኗል።

ኤፕሪል 21፣ 2022 ምክር ቤቱ ጉዳያቸውን የምክር ቤቱ መብት መጣሱን ወደሚመረምረው የልዩ መብቶች ኮሚቴ መራው። መንግሥት መጀመሪያ ሊያዘገየው አስቦ ነበር፤ ኋላ ተወው። ጉዳዩ በኮሮና ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ስለተደረጉት ድግሶች ጆንሰን ለምክር ቤቱ የተናገሩት ነው። በትለር ካነሡት ነገር ይለያል፤ ይህን ለልጅዎ በሐቀኝነት መንገር ያስፈልጋል። ኮሚቴው 7 አባላት ነበሩት፤ 4ቱ የጆንሰን የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች። በማርች 2023 ጆንሰን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ምለው መሰከሩ። ማስረጃ ተሰበሰበ፣ ጠበቃ አማከራቸው፣ መልስ ሰጡ። በጁን 2023 የኮሚቴው ውሳኔ ረቂቅ ሲደርሳቸው ከፓርላማ መልቀቃቸውን አሳወቁ። ሪፖርቱ ሆን ብለው ምክር ቤቱን አሳስተዋል አለ፤ አባል ቢሆኑ ኖሮ 90 ቀን እንዲታገዱ ሐሳብ እናቀርብ ነበር አለ። ጁን 19 ቤቱ ሪፖርቱን 354 ለ7 አጸደቀው።

እነዚህን ሁለት ቅጣቶች ጎን ለጎን ያስቀምጡልኝ። ቃሉን ለተናገሩት፣ የአንድ ቀን ቀሪ ሰዓት። ድርጊቱን ፈጽመዋል ለተባሉት፣ 90 ቀን። 10 የስብሰባ ቀን የታገደ አባል የወረዳው መራጮች ፊርማ አሰባስበው ወንበሩን ሊያሳጡት ይችላሉ፤ ከመራጩ 10 በመቶው ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ ውሸታምን ይጠብቃል የሚለው ልክ አይመስለኝም።

ግን አልታረቅነውም ያልኩት ለምን እንደሆነ አሁን ልንገርዎት። ጉዳዩ ወደ ኮሚቴው ከተመራበት እስከ ድምፁ 14 ወር ፈጅቷል። በዚህ መካከል ሰው ይረሳል፣ ነገር ይቀዘቅዛል። ደግሞ ጉዳይን ወደ ኮሚቴ ለመምራት አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል። አብላጫው የመንግሥት ወገን ሆኖ እምቢ ካለ፣ በሩ ዝግ ነው። ሚኒስትር ሆን ብሎ ምክር ቤቱን ካሳሳተ መልቀቂያውን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል የሚል የሚኒስትሮች መመሪያም አለ። የተከሰሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ከሆነስ? ለራሱ ነው የሚያቀርበው። ይህ ቀዳዳ ያሳስበኛል። ቃሉን መከልከል ትክክል የሚሆነው ሌላው መንገድ በእውነት ሲከፈት ብቻ ነው። መንገዱ ከተዘጋ፣ የክብር አጠራሩ ሁሉ መጋረጃ ይሆናል። ልጅዎ ያየችው ያን መጋረጃ ነው፤ ያየችው ደግሞ የለም አልልም።

ከቻላችሁ አንድ ረቡዕ አብራችሁ እዩ። ፓርላማው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሳምንት ሁሉ ረቡዕ ቀን 6 ሰዓት ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ጊዜ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ነው የተመደበለት። ለንደን ስለሆናችሁ በወረዳችሁ ተወካይ በኩል ትኬት መጠየቅም ትችላላችሁ፤ ነፃ ነው። ከላይ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ መመልከት ነው፤ እዚያ ጭብጨባም ሆነ ጩኸት አይፈቀድም። ጩኸቱ ከታች ይበቃችኋል። አፈ ጉባኤው «ሥርዓት! ሥርዓት!» እያለ ሲነሣ የቆመው ሁሉ መቀመጥ አለበት፤ እሱ ቆሞ ሌላ ሰው አይቆምም። እኛ ዘንድ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግር እንደሚቆመው ነው።

ልጅዎን አንድ ሥራ ይስጧት። ተቃዋሚ መሪው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ውሸታም ሳይሉ እንደዋሹ ለማሳየት ምን ምን እንደሚያደርጉ ትጻፍ። አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የቀድሞ ንግግር ከነቀኑ ያነባል። ሌላው የመንግሥትን የራሱን አኃዝ ጠቅሶ ይቀመጣል። ሌላው «መዝገቡን ለማረም ዝግጁ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሦስት የማያንስ ታገኛለች ብዬ እገምታለሁ። ዝርዝሩን ከላከችልኝ አንድ በአንድ አይቼ መልስ እጽፍላታለሁ።